ለአንባቢዬ፦ ስለ አንዲት ትንሽ ሞተር ሳይክልና ስለ አዲሱ ሞተሯ

ውድ አንባቢዬ፣

እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ የቀኝ አውራ ጣቴ ጥፍር ብቻ እንደ ከሰል ጠቁሯል። እሱንም እዚሁ ደብዳቤ ውስጥ እደርስበታለሁና አይጨነቁ።

ዛሬ የጻፍኩልዎት ስለ አንዲት ሚኒባይክ ላጫውትዎት ብዬ ነው። ሚኒባስ አላልኩም። ሚኒባስ ቢሆንማ ባለቤቴ ራሷ ቡና አፍልታ ትመርቀው ነበር፤ ሚኒባስ ገንዘብ ያስገባል። ሚኒባይክ ነው ያልኩት፦ መቀመጫዋ ከጉልበት እምብዛም ከፍ የማይል፣ ማርሽ የሌላት፣ ከቱቦ በተበየደ ቴላዮ መሃል ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር የተቀመጠባት፣ ገመድ ተስቦ የምትነሳ መጫወቻ። ሰዎች «የሣር ማጨጃ ሞተር እኮ ነው» ይላሉ። ልክ አይደሉም። ተገፍቶ የሚሄደው የሣር ማጨጃ የሞተሩ ዘንግ ወደ መሬት ይወርዳል፤ የዚህችኛዋ ወደ ጎን ይወጣል። መቂና ዝዋይ ሄደው ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለሙ ገበሬዎችን አይተው ከሆነ፣ ዳር ላይ ቁጭ ብሎ እየተንተከተከ ውሃ የሚስበውን ትንሽ ሞተር ያውቁታል። የሚኒባይኳ ሞተር የእሱ ዘመድ ነው።

ያገኘኋት እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ያርድ ሴል ላይ ነው። ከተሰነጠቁ ሳህኖችና ከገና ዛፍ መብራቶች ኋላ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ሻጩ 80 ዓመት ያለፋቸው አሜሪካዊ ሽማግሌ ናቸው። «ስናቆማት ትሠራ ነበር» አሉኝ። ይህችን አነጋገር ልብ ይበሉልኝ። ልጅ ሆኜ ሶማሌ ተራ አጎቴን ተከትዬ መለዋወጫ ስንፈልግም ሰምቻታለሁ። አሮጌ ነገር የሚሸጥ ሰው ሁሉ፣ በየትኛውም ቋንቋ፣ ይህችን ይላል፤ ውሸትም አይደለችም፤ መቼ እንዳቆሟት ግን አይነግሩዎትም። የእኔዋ የቆመችው የሽማግሌው ልጅ ኮሌጅ ሲገባ ነው። ልጁ አሁን ጡረታ ሊወጣ ነው። 40 ዶላር ከፈልኩና መኪናዬ ኋላ ጭኜ ወደ ቤት።

እዚህ ላይ ሲስቁ ይሰማኛል። «ምነው ሰውዬው! አዲሱ በጥቂት መቶ ዶላር እየተሸጠ አሮጌ ብረት መልቀም ምን ይባላል?» ይሉኛል። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ባለቤቴም በሌላ ቃል ጠይቃኛለች። ከጥያቄው ሥር ግን ሁላችንም ሳንነጋገር የተስማማንበት ነገር አለ፦ ጥገና የድሃ ሥራ ነው የሚል። እኛ አገር ቤት ምናለሽ ተራ ያቆየን፣ የጎማ ጫማ የሰፋን፣ ቆርቆሮውን ኩባያ ያደረግን ሕዝቦች፣ አሜሪካ ስንደርስ የምስክር ወረቀት የተሰጠን ይመስል መጣል እንጀምራለን። እኔም ጥያለሁ። የገረመኝ፣ እዚህ ጋራዣቸውን ከፍተው የአሮጌ ሞተር ሆድ ዕቃ ሲዘረግፉ የማያቸው ፈረንጆች አብዛኞቹ ገንዘብ የቸገራቸው አለመሆናቸው ነው። ጡረታ የወጡ ናቸው፤ የሚጠግኑት ስለሚወዱ ነው። እርስዎ አሁን «እኛ ግን ጊዜ የለንም» ሊሉ ነው። እሱስ እውነት ነው። እኔም ከፈረቃ ስመለስ የማገኘው አንዳንድ ሰዓት ብቻ ስለነበር ሥራው ከሚያዝያ እስከ መስከረም ፈጅቶብኛል።

ደግሞም ዕድሜዋን ማክበር ይገባል። እነዚህ ትናንሽ ሞተር ሳይክሎች በመጀመሪያ የመኪና ውድድር ሰዎች በየሜዳው የሚመላለሱባቸው መላላኪያዎች ነበሩ። በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ የአሜሪካ ልጆች ሁሉ ለገና የሚለምኑት ነገር ሆኑ። ከሠሪዎቹ ታዋቂ የነበረው ኦሃዮ፣ ማንስፊልድ ከተማ የነበረው ራፕ የተባለው ድርጅት ነው፤ ባለቤቱ ሚኪ ራፕ ራሱ እሽቅድምድመኛ ነበርና እ.ኤ.አ. በ1965 በኢንዲያናፖሊስ 500 የመኪና ውድድር ተወዳድሮ 6ኛ ወጥቷል። የእኔዋ ራፕ ትሁን ሌላ፣ ስሟ የተጻፈበት ወረቀት ተልጦ ስለጠፋ ከመገመት አልፌ አልምልልዎትም። ሞተሯ ግን ራሱ ይናገራል፤ እ.ኤ.አ. በ1908 የተመሠረተው የሚልዋኪው ብሪግስ ኤንድ ስትራተን የሠራው፣ 127 ሲሲ፣ 3 የፈረስ ጉልበት የሚባለው ነው።

እንግዲህ ጥገናው። ሞተሩ ላይ የተከደነውን ላሜራ ሳነሳ አይጥ ጎጆዋን ሠርታ፣ ልጆቿን አሳድጋ፣ ለቃ ሄዳለች። ይህን አይናቁት፤ እነዚህ ሞተሮች የሚቀዘቅዙት በአየር ነውና ነፋሱ የሚያልፍበት ክንፍ መሃል ጭድ ከተወተፈ ሞተሩ ተቃጥሎ ይሞታል። ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ደርቆ እንደ ቫርኒሽ ተለጥፏል። በዚህ ሞተር ካርቡሬተሩ የሚቀመጠው ሰርባትዮው አናት ላይ ሲሆን፣ ቤንዚኑን ወደ ላይ የሚስበው አንዲት ከሳንቲም በላይ የማታወጣ የምትመስል ስስ ዲያፍራም ናት። እሷ ስትደርቅ ሞተሩ ይነሳና ወዲያው ይጠፋል፤ ሰው ደግሞ ፒስተኑን ይጠረጥራል፣ ፋሻውን ይጠረጥራል፣ ሻጩን ይረግማል። ዲያፍራሟን ቀየርኩ፤ ቮላኖው ሥር ተደብቃ የዛገችውን ፑንቲና በወረቀት አሻሸሁ፤ አዲስ ካንዴላ አስገባሁ። ገመዱን ለአራተኛ ጊዜ ስስብ ተነሳች። ጎረቤቶቼ ይቅር ይበሉኝ፤ እሑድ ጠዋት ነበር።

ካንዴላ ካልኩ አይቀር አንድ ነገር ላጫውትዎት። የጋራዥ አማርኛ ያስተማረኝ አጎቴ ነው፤ የጋራዥ አማርኛ ደግሞ እርስዎም እንደሚያውቁት ግማሹ ጣሊያንኛ ነው፦ ቴላዮ፣ ቮላኖ፣ ቢየላ፣ ማርሚታ፣ ኩሽኔታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ካቻቢቴ። ሠላሳ ዓመት አሜሪካ ኖሬ የእነዚህ ነገሮች እንግሊዝኛቸው እስከ ዛሬ አፌ ላይ አይመጣም። መለዋወጫ መሸጫው ውስጥ ቆሜ በእጄ ክብ እየሠራሁ ስደናበር፣ የኤል ሳልቫዶር ልጅ የሆነ ሻጭ መጣልኝ። ተስፋ ቆርጬ «ካቴና» አልኩት። «ካዴና!» ብሎ የሞተር ሳይክል ሰንሰለት አወጣ። «ፍሬን» አልኩት። «ፍሬኖ!» አለኝ። ሁለታችንም እንደ ተዋወቀ ዘመድ መሳሳቅ ጀመርን። «ካንዴላ» ስለው ግን ቆም ብሎ አየኝ፤ በእሱ ቋንቋ ሻማም ካንዴላ ነውና፣ «ለቤተ ክርስቲያን ነው ለሞተር?» አለኝ። ጣሊያን ትቶልን የሄደው ነገር ጠቀመኝ ካልኩ ያን ቀን ነው። የኋላውን ትልቁን ባለ ጥርስ ክብ «ኮሮና» እንደምንለው አልነገርኩትም፤ ከበሽታው በኋላ ቃሉ ሱቅ ውስጥ ጮክ ተብሎ የሚነገር አይደለም።

ከተነሳች በኋላም በአሮጌው ፈንታ ትልቅ፣ 212 ሲሲ አዲስ ሞተር ገጠምኩባት። «እሺ ተነሳች፤ ታዲያ ምን ቀረህ? ትልቅ ሞተር መግጠም ለምን አስፈለገ?» ይሉኛል፤ ወይም ከወጣቶቹ ወገን ከሆኑ «በጣም ጥሩ፣ ትልቁ ሞተር ስንት ይነዳል?» ይሉኛል። ሁለቱንም በአንድ ላይ ልመልስ፤ ሁለተኛው ጠያቂ ግን ሊያዝንብኝ ነው። ትልቁ ሞተር የሚነዳው ልክ እንደ ትንሹ ነው።

አዎ፣ አይቆጡ፤ ብዕር ያንሱና አብረን እናስላው። ሁለቱም ሞተሮች፣ አሮጌውም አዲሱም፣ ከፋብሪካ ሲወጡ በደቂቃ ከ3,600 ዙር ገደማ እንዳያልፉ ተገድበዋል። የሞተሩ ፒኞን 10 ጥርስ አለው፣ የኋላው ኮሮና 60። ስለዚህ ሞተሩ 6 ጊዜ ሲዞር ጎማው 1 ጊዜ ይዞራል፤ 3,600 ለ6 ሲካፈል 600። የጎማዬ ከፍታ 30 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በአንድ ዙር 94 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል። 600 ጊዜ ሲዞር በደቂቃ 565 ሜትር፣ በሰዓት 34 ኪሎ ሜትር። በዚህ ስሌት ውስጥ የሞተሩ ትልቅነት የት ገባ? የትም። ጎማው ከላይ የተቀመጠው ሞተር 127 ሲሲ ይሁን 212 አያውቅም። ትልቅ ሞተር ማለት ፍጥነት ማለት ነው ብለን ያመንነው ማንም አስረድቶን አይደለም፤ ድምፁ ነው ያሳመነን።

ታዲያ ለምን ገዛሁት? መልሱ የሚገኘው ዳገት ላይ ነው። ሚኒባይኳ የተሠራችው ለ12 ዓመት ልጅ ነው፤ እኔ ደግሞ፣ ለእርስዎ ብቻ ልንገርዎትና፣ 92 ኪሎ ነኝ። ቨርጂኒያ ውስጥ ከከተማ ወጣ ብሎ ሰፊ ግቢ ያለው ወዳጅ አለኝ፤ እዚያ ሜዳው ላይ በትንሹ ሞተር ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ከጎተራው ኋላ ያለችውን ጉብታ ልወጣ ስል ግን ሞተሩ ድምፁን እያወፈረ፣ እያቃሰተ ቆየና በመጨረሻ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ፍሪሲዮኑ ነው። የእነዚህ ሚኒባይኮች ፍሪሲዮን በእግር አይረገጥም፣ በእጅም አይያዝም፤ ሞተሩ በደቂቃ ወደ 2,000 ዙር ሲደርስ በውስጡ ያሉት ጫማዎች በሽክርክሪቱ ወደ ውጭ ተወርውረው ከበሮውን ይነክሳሉ። ዳገቱ ሞተሩን ከዚያ በታች ካወረደው መንከሱን ይተዉና ይንሸራተታሉ፤ ከበሮው ግሎ ሰማያዊ ይሆናል፤ ጭሱን ደግሞ እርስዎ ይስባሉ። ትልቁ ሞተር የጠቀመኝ እዚህ ላይ ነው፤ ዙሩን ሳይጥል ጉብታዋን ይወጣል። ካርቶኑ ላይ 6.5 የፈረስ ጉልበት ይላል። ካርቶን ብዙ ነገር ይላል፤ እኔ የማምነው ፒስተኑን ነው፦ ስፋቱ 70 ሚሊ ሜትር፣ የሚመላለስበት ርቀት 55፤ ቢያሰሉት 212 ሲሲ ይመጣልዎታል። ከዚህም ሌላ የአሮጌው ቫልቮች ከሲሊንደሩ ጎን የቆሙ ናቸው፤ የአዲሱ ከላይ ስለሆኑ ሞተሩ የተሻለ ይተነፍሳል።

መግጠሙ ቀላል ነው ያለዎት ሰው ካለ አንድም አልገጠመም፣ አንድም ረስቶታል። የአሮጌው ዘንግ ውፍረት 5/8 ኢንች ነው፤ የአዲሱ 3/4። ስለዚህ ፍሪሲዮኑ አይገባም፤ አዲስ ተገዛ። የአዲሱ ሲሊንደር ጋደል ያለ ስለሆነ ማርሚታው ቀጥታ ወደ ቀኝ ባቴ ያነጣጥራል፤ እሱም ተቆርጦ፣ ታጥፎ፣ እንደገና ተበየደ። ሰርባትዮው ከመቀመጫው ጋር ተላተመ፤ መቀመጫው 4 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ሄደ። ከሁሉም ያለፋኝ ካቴናው ነው። ፒኞኑና ኮሮናው በአንድ መስመር ካልቆሙ ካቴናው ይወልቃል፤ ቢያደርግልዎት መሬት ላይ፣ ባያደርግልዎት ጎማው ውስጥ። ክር ወጥሬ ሳስተካክል፣ ሳላላ፣ ሳጠብቅ መሸ። «አንዴ በእጄ ላዙረውና ልየው» ብዬ ጎማውን ሳዞር አውራ ጣቴ ካቴናውና ኮሮናው መሃል ነበር። ሞተሩ እየሠራ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ በግራ እጄ ነበር የምጽፍልዎት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእኔ ነው፤ የለቀምኩት ግን ጥፍሬን ነው።

አሁን ደግሞ አንድ ድምፅ ይሰማኛል፤ የእርስዎ ይሁን የእህቴ ልጅ መለየት አቅቶኛል። «አጎቴ፣ ያንን ገቨርነር ንቀለው! ከዚያ ታያታለህ!» ይለኛል። ገቨርነር ማለት ያ ዙሩን የሚገድበው ነገር ነው፤ ለመንቀል አንድ ቅዳሜ ይበቃል፤ ሲነቀልም እውነት ነው ትበራለች፤ 5,500 ዙር ቢደርስ በሰዓት ወደ 52 ኪሎ ሜትር። እኔ ልጁን ቁጭ አድርጌ የነገርኩትን ለእርስዎም ልንገርዎት። ቮላኖው፣ ያ ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከረው ከባድ ክብ፣ ከቀለጠ ብረት የፈሰሰ ነው፤ ለ3,600 ዙር ነው የተሠራው። በ6,000 ዙር ቢያዞሩት ሊበታትነው የሚጎትተው ኃይል እጥፍ አይደለም የሚሆነው፤ 2.8 ጊዜ ያህል ያድጋል፤ ከዙሩ ጋር በካሬ ነው የሚጨምረው። የሚበታተነው ደግሞ ከጉልበትዎ በአንድ ስንዝር ርቀት ላይ ነው። ፒስተኑን ከዘንጉ የሚያገናኘው ቢየላም የአሉሚኒየም ነው። እንዲህ ማስሮጥ የሚፈልጉ ሰዎች መጀመሪያ ቮላኖውን ከድፍን አሉሚኒየም በተቀረጸ፣ ቢየላውን በጠንካራ፣ የቫልቩን ሞላም በከባድ ይለውጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው ገቨርነሩን የሚነኩት። የእህቴ ልጅ አዳምጦ ሲያበቃ «ታዲያ እነሱን እንቀይራቸዋ!» አለኝ። ልጅ ነው፤ ትክክልም ነው፤ ግን ገንዘቡ የእኔ ነው።

«ይህን ሁሉ አደጋ እያወቅህ ልጅ ታስቀምጥባታለህ?» የሚሉኝ እናቶች እንዳሉ አውቃለሁ። እንዲያውም አንዷ ጎረቤታችን ናቸው፤ ቡና ላይ አንስተውብኝ በሦስተኛው ስኒ እንኳ አልፋቱኝም። እኔ ለእሳቸው የሰጠሁት መልስ የዚህ ደብዳቤ ዋና ነገር ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

እርስዎም እሳቸውም የምትፈሩት ሞተሩን ነው። ስለሚጮኽ፣ ስለሚሞቅ፣ አዲስ ስለሆነ። እኔ ካገኘኋት ጀምሮ የፈራሁት ግን ፍሬኗን ነው፤ ያውም ገና ትንሹ ሞተር እያለባት። የዚያ ዘመን ርካሽ ሚኒባይኮች ፍሬን ምን እንደሆነ ያውቃሉ? የኋላውን ጎማ ራሱን የሚጫን አንድ ቁራጭ ብረት ነው። ብረት ጎማ ላይ ይታሻል፤ ሌላ ነገር የለም። ጎማው ደረቅ ሲሆን ይንሿጠጣል፤ ጤዛ ሲነካው ደግሞ ብረቱም እንደ እርስዎ ተሳፋሪ ይሆናል። የፊቱ ጎማ ፍሬን የሚባል አልፈጠረበትም። እናም የሽማግሌው ልጅ ይህን ይዞ አድጓል፤ ፍሬኑ ሳይሆን እግሩ እንዳቆመው የጫማዎቹ ሶል ይመሰክር ነበር።

ስለዚህ አዲሱን ሞተር ከካርቶኑ ሳላወጣ ሦስት ሳምንት ፍሬን ላይ ዋልኩ። የእህቴ ልጅ ሦስቱንም ሳምንት ካርቶኑን እያየ ሲያዝን ከረመ። ጎማው ላይ ከበሮ አስገጠምኩ፤ በከበሮው ዙሪያ ሲስቡት የሚጠብቅ ቀበቶ ያለው ፍሬን ገጠምኩ። መጀመሪያ ገልብጬ ነበር የገጠምኩት። የቀበቶ ፍሬን አቅጣጫ አለው፤ በትክክለኛው በኩል ከታሰረ የከበሮው መዞር ራሱ ቀበቶውን እየጎተተ ያጠብቅልዎታል፤ በተቃራኒው ከታሰረ መዞሩ ያላላዋል። የእኔዋ ፍሬን ይዣት ወደፊት ስገፋት በእርጋታ እየሄደች፣ ወደ ኋላ ስስባት እንደ በቅሎ ቀጥ ትል ነበር። ግማሽ ቀን ራሴን ስረግም ውዬ፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ሻይ ስጠጣ ገባኝ። ገልብጬ አሰርኩት፤ ቀጥ አለች።

ከዚያ ቨርጂኒያ ግቢ ወስጄ በእርምጃ ለካሁ። ጤዛ ባለበት ሣር ላይ፣ በአንድ ዓይነት ፍጥነት፣ አሮጌው ፍሬን 23 እርምጃ አስኬደኝ፤ አዲሱ 9። የእኔ እርምጃ ሳይንስ አይደለም፤ ግን ልዩነቱን ለማየት ሳይንስ አያስፈልግም። ቅድም ያልኩትን 34 እና 52 ያስታውሳሉ? ፍጥነቱ በግማሽ ያህል ቢጨምር ፍሬኑ ሊያጠፋው የሚገባው ጉልበት ግን ከሁለት እጥፍ በላይ ነው የሚሆነው፤ 2.3 ጊዜ። ገቨርነሩን ያልነቀልኩበት ሁለተኛው ምክንያት ይኸው ነው። ለጎረቤታችንም ይህን ስነግራቸው ስኒያቸውን አስቀምጠው፣ «እሱን መጀመሪያ አትናገርም ነበር?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሁላችንም «አሻሻልኳት» ስንል የምናወራው ስለ ሞተሩ ነው፤ እኔም እንግዳ ሲመጣ ጋራዡን ከፍቼ መጀመሪያ የማሳየው ሞተሩን ነው። ፍሬኑን አሳየኝ ያለኝ እንግዳ እስከ ዛሬ የለም።

ለሌሎቹ ጥያቄዎችዎ ባጭሩ፦ አስፋልት ላይ አትወጣም፤ መብራት፣ መስታወት፣ ታርጋ የላትም፤ እንዲህ ያለች ነገር በሕዝብ መንገድ መንዳት ክልክል ነው፣ ቢፈቀድም አልነዳትም። የራስ ቁር ያላደረገ፣ እኔን ጨምሮ፣ አይቀመጥባትም። ቤንዚኗ ደግሞ ለክረምቱ ይወጣል፤ እዚህ የሚሸጠው በአብዛኛው እስከ 10 በመቶ ኤታኖል የተቀላቀለበት ስለሆነ ውሃ ይስባል፤ ካርቡሬተር ውስጥ ካስከረሙት ከላይ የነገርኩዎት ቫርኒሽ እንደገና ይጀመራል። በጠቅላላው ስንት አወጣህ የሚለውን ግን እባክዎ አይጠይቁኝ። ባለቤቴ ይህን ደብዳቤ ልታነበው ትችላለች።

አሁን ወደ ጻፍኩበት ጉዳይ ልምጣ፤ እስካሁን በጨዋታ የያዝኩዎት ለዚህ ነው። አሮጌው 127 ሲሲ ሞተር ጋራዤ ውስጥ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ዲያፍራሙ አዲስ ነው፣ ፑንቲናው ንጹሕ ነው፣ ዘይቱ ተቀይሯል፤ ገመዱ ለሁለተኛ ጊዜ ሲሳብ ይነሳል። ባለ 5/8 ፍሪሲዮኑም ትንሽ ጠቆር ቢልም አብሮት አለ። ልሸጠው አልፈልግም፤ ሊጣልም አይገባውም። በእርስዎ ምድር ቤት፣ ወይም በሚያውቁት ሰው ግቢ፣ ሞተሯ የሞተባት አንዲት ሚኒባይክ እንደማትጠፋ እርግጠኛ ነኝ። በስጦታ እሰጥዎታለሁ፤ የቤንዚንዎን እንኳ አልጠይቅም። ከመምጣትዎ በፊት ግን አንድ ፎቶ ይላኩልኝ፤ የሙሉዋን አይደለም፣ የቴላዮዋን አይደለም፣ ሞተሩ የሚቀመጥበትንም አይደለም። የፍሬኗን ብቻ። ያ ቁራጭ ብረት ከሆነ መጀመሪያ እሱን አብረን እንሠራለን፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ፣ ቡናም አለ።

ሞተሩን አቧራ እንዳይነካው በፎጣ ሸፍኜ አቆይቼልዎታለሁ።

አክባሪዎ፣
ባለ ጥቁር ጥፍሩ